የዓይኔ ቢጫነት እና ማንም ያልጠየቀን ጥያቄ

ይህን የምጽፈው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ አጥንታቸውን እየቆረጠማቸው ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ ለሚዞሩ፣ ለሕመማቸውም ትክክለኛ ስም የሚሰጣቸው ላጡ ሰዎች ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ትዝታዬን እኔ ራሴ ሙሉ በሙሉ አላምነውም። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው፤ መምህሮቻችን የአንድ ምስክር ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ደጋግመው ነግረውናል። እኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት ላይ የነበርኩ ምስክር ነኝ። ስለዚህ የጻፍኩትን ለታላቅ እህቴ ለሰናይት አስነብቤያታለሁ፤ ባልተስማማንበት ቦታ የሁለታችንንም ቃል አስቀምጣለሁ።

ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ አላውቅም። የመጀመሪያው ትዝታዬ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ነው። ከካዛንቺስ ወደ ስታዲየም ወርደን ከአጥሩ ውጭ ኳስ ስንጫወት ዝናብ ያዘን። በስብሼ ቤት እንደ ገባሁ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። ጥርሱን ታሞ የሚያውቅ ሰው ያ ሕመም እግር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ያስብ። ሰናይት ወሩ ጥቅምት እንጂ ክረምት አልነበረም፣ ያበሰበሰንም የፈነዳ ቧንቧ ነው ትላለች። የተወለድንበት ቤት ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ ሄጄ የማገናዝብበት ግድግዳ እንኳ የለኝም። ብርድና እርጥበት እንደ ነበረ ግን ሁለታችንም እንስማማለን። ሕመሜን በኋላ ለተረዳችው ሐኪም ዋናው ነገር ይኸው ብርድና እርጥበት ሆኖ ተገኝቷል።

እናቴ ዘውዲቱ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሥራ ነበር ያሳደገችን። አባቴ የመንገድ ሥራ ሹፌር ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ በመኪና አደጋ ሞቷል። ሲያመኝ እናቴ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እግሬ ላይ ትይዝልኛለች።

«የት ጋ ነው ልጄ?»

«ሁሉም ጋ።»

«አንድ ቦታ ምረጥና እሱን እናሙቀው» ትለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ከሰማኋቸው የሕክምና ምክሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ያጽናናኝ የለም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ «የልብ ሪህ እንዳይሆን» ብሎ በየወሩ የሚሰጥ መርፌ አዘዘልኝ። መርፌው መቀመጫዬን ለቀናት ያሽመደምደኝ ነበር፤ የአጥንቴ ሕመም ግን አልተወኝም። ሌላው ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድና ታይፈስ አለኝ። በዚያ ዘመን በከተማችን ትኩሳት ይዞት የሄደ ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለት ስሞች ይዞ ነበር የሚመለሰው። አንድ ቀን የጥበቃ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣

«አንተስ የትኛው ነው ያለብህ? ታይፎይዱ ነው ታይፈሱ?» አለኝ።

«ሁለቱም።»

«እኔም ሁለቱም ነኝ። እንግዲህ ሥጋ ዘመድ ሆነናል» አለና ጨበጠኝ። እናቴ ሳትወድ ሳቀች። ያን ሰው ደግሜ አላየሁትም፤ ሳቋን ግን አስታውሳለሁ፤ በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አልሰማሁትምና።

ዓይኔ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት የክፍሌ ልጆች ናቸው። «ቢጫ መብራት!» ይሉኛል። «ቁም ነው ሂድ?» እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ቤት ስገባ ግን መስታወት ፊት ቆሜ ቢጫው ቀንሶ እንደ ሆነ አያለሁ። አንዳንድ ሳምንት ይቀንሳል፣ አንዳንድ ሳምንት ሽንቴ ሳይቀር እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል።

የግቢያችን ጎረቤት እትዬ አስካለ ሲያዩኝ ምንም አልተጠራጠሩም።

«ይህማ የወፍ በሽታ ነው! አንቺ ዘውዴ፣ ዓይንሽ አያይም እንዴ? ሐኪም የወፍ በሽታ ምን ያውቃል?»

የሌሊት ወፍ የነካችው ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል የሚል እምነት በሰፈራችን ነበር፤ ቢጫነት ያለበት ሕመም ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። እትዬ አስካለ ነገሩን በወሬ ብቻ አልተዉትም። በራሳቸው ጊዜ እኔን እያዘሉም እየጎተቱም ቄራ አካባቢ ወደሚኖር መድኃኒት አዋቂ ወሰዱኝ። ሰውየው አረንጓዴ መራራ ነገር አጠጣኝ። በውስጤ የነበረው ሁሉ ወጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሳስታውክ ዋልኩ። በማግስቱ ከእግሬ የጀመረው ሕመም ጀርባዬን፣ ደረቴንና ክንዶቼን ያዘ። መተንፈስ ፈራሁ። ሰውነቱ ውሃ ሲያጣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እንደሚብስበት ያኔ የሚያውቅ ሰው አጠገባችን አልነበረም። እትዬ አስካለ «በሽታው እየወጣ ነው» አሉ፤ ራስጌዬም ተቀምጠው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ክፋት አልነበረባቸውም። በኋላ አንድ ሐኪም ጉበቴን አስመርምሮ ደህና ነው ብሎ ነበር፤ የሕመሜ ስም አንዴ የወፍ በሽታ ሆኗልና የሰማው የለም።

በየሄድንበት ሁሉ ሁለት ጥያቄ ነበር። «አገራችሁ የት ነው?» «በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ነበር?» ለመጀመሪያው እናቴ «ጎጃም» ትላለች። ለሁለተኛው «የለም» ትላለች። ሁለቱንም የምትመልሰው ጥያቄው ሳያልቅ ነበር። እኔም ጎጃሜ ነኝ ብዬ አደግሁ፤ ዘመድ የሚመጣልን፣ እኛም የምንሄድበት አገር ለምን እንደሌለን አልጠየቅሁም።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በዚሁ ሁኔታ ነው። በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ሳጣና ውሃ መጠጣት ስረሳ ይነሳብኛል፤ በየዓመቱ ከሴሚስተሩ ግማሹን ቤት ተኝቼ አሳልፋለሁ። ሰናይት እኔን ለማስታመም የማታ ትምህርቷን አቋርጣለች። አንድ ቀን ሾርባ እያጠጣችኝ፣ «እኔ ብታመምስ በዚህ ቤት ማን ያየኛል?» አለች። ቁጣ አልነበረውም፤ ከልቧ የምትጠይቅ ይመስል ነበር። ይህን አላልኩም ትላለች። ብላለች።

ተመርቄ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጾም በኋላ ባልደረቦቼ ቄራ ወስደው ሥጋ ጋበዙኝ። ከገበታው ሳንነሳ ከቀኝ ጎድን አጥንቴ ሥር ቢላ የገባብኝ መሰለኝ። ይህ የማውቀው ሕመም አልነበረም። አልትራሳውንድ ስነሳ ሐሞት ከረጢቴ በጠጠር ተሞልቶ ተገኘ። ያነሳኝ ሐኪም ዕድሜዬን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። «በዚህ ዕድሜ፣ እንደዚህ ቀጭን ሆኖ?» አለ፤ ነገሩን ግን አልገፋበትም። ኦፕራሲዮን ታዘዘ። ደሜ አነስተኛ ስለ ነበር የብረት ኪኒን እንድወስድ ተነገረኝ፤ ችግሬ የብረት እጥረት አልነበረምና ኪኒኑ ሆዴን ከማድረቅ ሌላ የፈየደልኝ የለም።

ተራዬ ደርሶ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ስተኛ ትኩሳትም ጀምሮኝ ነበር። ኦፕራሲዮኑ በማግስቱ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ እናቴና እትዬ አስካለ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ ሰናይት እግርጌዬ ቆማ ሳለ፣ የማደንዘዣ ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፤ ብዙ ያልተኛች ትመስላለች። የዓይኔን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች።

«ይህ ቢጫነት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከልጅነቱ» አለች እናቴ።

«ጠጠሩ ከመገኘቱ በፊትም ነበር ማለት ነው?»

«ከልጅነቱ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

«አጥንቱንስ ያመዋል?»

«ያሠቃየዋል እንጂ!»

«አገራችሁ የት ነው እማማ?»

«ጎጃም።»

ሌሎቹ ሐኪሞች ሁሉ እዚህ ላይ ነበር የሚያቆሙት። እሷ አላቆመችም።

«ጎጃም የት?»

እናቴ የአልጋዬን አንሶላ ማስተካከል ጀመረች። እትዬ አስካለ ግን ዝምታ የሚችሉ ሰው አልነበሩም።

«ደብረ ማርቆስ ናቸው! ማለቴ ከከተማው ትንሽ ወጣ ይላል። እኔ እኮ እንደ እህቷ ነኝ፣ ምን የማላውቀው አለ? በቃ፣ አንቺ ብቻ ልጁን ደህና አድርጊልን፣ የኔ እናት።»

በእኔ ትዝታ እናቴ ወዲያው «አይደለንም፣ አስካለ» አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ግን የጠራ ነበር። ለዓመታት ይህን ትዕይንት ለወዳጆቼ ስተርክ የኖርኩት በዚሁ መልኩ ነው።

ሰናይት ግን እንደዚያ አልነበረም ትላለች። እሷ እንደምትለው፣ እናቴ እትዬ አስካለን አላረመቻቸውም። ሐኪሟ ራሷን ነቅንቃ ወደሚቀጥለው አልጋ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሄደች። እኔ በትኩሳቱ ሸለብ አደረገኝ። እናቴ ብርቱካን ላጠች፤ ልጣ ስትጨርስ ለማንም ሳትሰጥ ሌላ አነሳች። ሐኪሟ የክፍሉን በር ይዛ ልትወጣ ስትል እናቴ ብርቱካኑን ከነቢላው ጭኔ ላይ አስቀምጣ ተነሳች፤ ሰናይትም ተከተለቻት። ኮሪደሩ ላይ ደርሳ የሐኪሟን ነጭ ልብስ ከኋላ ያዘች።

«ዶክተር፣ ልጄ፣ ጎጃም ነን፤ አልዋሸሁም። በዱሮው አከላለል ጎጃም ነው። ግን ደጋው አይደለም። መተከል ነው፣ ቆላው። አባቱም እዚያው ነው፤ የአንድ አገር ልጆች ነን።»

«በቤተሰብ እንዲህ የታመመስ?»

«ወንድሜ። ዓይኑ እንዲህ ነበር። እጁና እግሩ ያብጥ ነበር። አላደገም።»

ሐኪሟ ከምረቃ በኋላ በምዕራብ ጠረፍ፣ እንዲህ ያለ ሕመም በሚታይበት ቆላ፣ ሠርታ ኖሮ የሰማችው አዲስ አልሆነባትም። ይዛት ወደ አልጋዬ ተመለሰች። እኔ የማስታውሰው «አይደለንም፣ አስካለ» የሚለው ቃል የተነገረው ከዚህ በኋላ፣ እትዬ አስካለ «የምን መተከል?» ባሉ ጊዜ ነው።

የሰናይትን ቃል ተቀብያለሁ። እሷ ትኩሳት አልነበረባትም። የእኔ ትዝታ የዘለለው ያ ጊዜ፣ ሁለቱ ብርቱካኖች የተላጡበት ጊዜ፣ ሕይወቴ ከሁሉ ይልቅ የተንጠለጠለበት ነበር። እናቴ ዝም ብላ ብትቀር ኖሮ በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳያውቅልኝ ቢላ ሥር እገባ ነበር። እሷም ያን ያህል የፈራችው ምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ቆመ። አንዲት ጠብታ ደሜን ወስደው አየር እንዳያገኝ አድርገው በማይክሮስኮፕ አዩት፤ በሌላ ምርመራም አረጋገጡት። ስሙ ሲክል ሴል ነው። ሐኪሟ ያስረዳችኝን በራሴ ቃል ልድገመው። የጤነኛ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ክብና ልስልስ ነው፤ በጠባቡ ሥር እየታጠፈ ያልፋል። የእኔ ግን ኦክስጅን ሲያንሰው ይደርቅና እንደ ማጭድ ይጎብጣል። የጎበጠው ሥር ይዘጋል፤ አጥንቴ የሚያመኝ ለዚህ ነው። ደግሞም ቶሎ ይሰበራል። ሌላው ሰው ወራት የሚቆይ ሕዋስ ሲኖረው የእኔ ከሳምንታት አያልፍም፤ ስለዚህ ደሜ ሁልጊዜ ያንሳል። ከተሰበረው ሕዋስ ቢጫ ቀለም ይወጣል፤ ዓይኔን የሚያለብሰው፣ ሐሞት ከረጢቴም ውስጥ ተጠራቅሞ ጠጠር የሆነው ይኸው ነው። የወፍ በሽታ አልነበረም፤ ሪህም፣ ታይፎይድም አልነበረም። ከእናቴም ከአባቴም እኩል የወረስኩት ነው።

«ሳናውቅ አደንዝዘንህ ቢሆን፣ ብርድ ወይም የኦክስጅን ማነስ ሲያገኝህ ደምህ በአንድ ጊዜ ሊጎብጥ ይችል ነበር፤ ሳንባህ ውስጥ ሳይቀር» አለችኝ። ከዚህ በላይ አላብራራችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መጀመሪያ ደም ተሰጠኝ፤ የቢሮ ባልደረቦቼና የሰፈር ልጆች መጥተው ለገሱ። በፈሳሽና በሙቀት አዘጋጁኝና ሐሞት ከረጢቴ ወጣ። ስነቃ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ደራርበውብኝ ነበር። ቁስሉ ቢያመኝም ከጎድኔ ሥር የነበረው ቢላ ጠፍቶ ነበር።

ድኛለሁ የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው የምጠቀምበት። ጠጠሩ ተወግዷል፤ ደሜ ግን ያው ነው። የግራ ዳሌዬ አጥንት ደም በማጣት ተጎድቶ ዛሬ በምርኩዝ እሄዳለሁ። በየቀኑ ፎሊክ አሲድ እወስዳለሁ፣ ውሃ ከእጄ አይለይም፣ ዝናብ አልነካም። ሕመሙን የሚያስታግሰው ዋናው መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፣ አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል። ትኩሳት ሲይዘኝ እሱ ብቻውን አያስፈራኝም፤ ሆስፒታል ደርሼ የሚያየኝ ሐኪም ሕመሙን የማያውቅ እንዳይሆን ነው የምፈራው። አንባቢዬ፣ ልጅህ ወይም ልጅሽ ዓይኑ ቢጫ እየሆነ፣ በብርድ ጊዜ አጥንቱ እያመመው፣ ደሙም አልጨምር ካለ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም የእናትና የአባትን አገር እስከ ቀበሌው ድረስ ንገሩት። በልጅነታቸው ስለ ሞቱት ዘመዶችም ንገሩት።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስና ልጨርስ። «አይደለንም፣ አስካለ» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ እትዬ አስካለ ለቀናት አልመጡም። ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ተባለ። እናቴ የጥየቃ ሰዓት በደረሰ ቁጥር በሩን ታያለች። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ ቀን ግን መጡ። ሰናይት በዚያ ቀን አልነበረችም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን የሚያርምልኝ ሰው የለም። እኔም የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

«አንቺ ዘውዴ» አሉ፣ ሳይቀመጡ። «ልጆቻችን በአንድ ሳፋ ታጥበው አድገው ይህን ትደብቂኛለሽ? ምን አድርጌሽ ነው?»

«ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ሰፈሩ የገባን ሰሞን ነው። ቦኖው ጋ ለውሃ ተሰልፈናል። አንዲት ከቆላ የመጣች ሠራተኛ ነበረች፤ ጠቆር ያለች፣ ልጅ እግር። ባልዲዋን ስታስቀምጥ አንቺ አንድ ቃል አልሽ። ሴቱ ሁሉ ሳቀ።»

«ምን አልኩ?»

እናቴ ቃሉን ደገመችው። እዚህ አልጽፈውም፤ የአገሬ አንባቢ የትኛው ቃል እንደ ሆነ አያጣውም።

«እኔም አብሬ ሳቅሁ» አለች እናቴ። «አብሬ ከሳቅሁ በኋላ ምን ብዬ እነግርሻለሁ?»

ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ እትዬ አስካለ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት?»

«አንቺ ነሽ።»

«አላስታውሰውም እኮ፣ ዘውዴ።»

«አውቃለሁ።»

ዓይኔን ገለጥ አድርጌ አየሁ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ ወለሉን ያያሉ። ይከራከራሉ ብዬ ነበር፤ የማያውቁት ነገር እንደሌለ ሲነግሩኝ ነውና ያደግሁት። አልተከራከሩም።

«ያ ወንድምሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስሙ ማን ነበር?»

እናቴ ስሙን ተናገረች። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ በማላውቀው ቋንቋ ነው። አንዴ ከወጣላት በኋላ ግን ደጋግማ ጠራችው። በምን ይጫወት እንደ ነበር፣ ማንን ይፈራ እንደ ነበር፣ ሲያመው የትኛው ጥላ ሥር እንደሚያስተኙት ነገረቻቸው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ የጥየቃ ሰዓት አልቋል ሲል እትዬ አስካለ ዞር ብለው ሳያዩት እጃቸውን አነሱበት።

«ቆይ ልጄ» አሉት፣ «ገና አልጨረሰችም።»